ከመነሻው መስመር በፊት ያለው መሰናክል

የማኅበራችን የስፖርት ኮሚቴ ለዘንድሮው የስፖርት ቀን ያዘጋጀው ረቂቅ ደንብ ለአባላት ውይይት ቀርቧል። የረቂቁ አብዛኛው ክፍል የሚያከራክር አይደለም፤ ስለ ሜዳው ኪራይ፣ ስለ ዳኞች ምርጫና ስለ ሽልማቱ የተጻፈውን ሁላችንም የምንቀበለው ነው። ሁለት አንቀጾች ግን በዝምታ የሚታለፉ አይደሉም። አንደኛው፣ በውድድሩ የሚሰለፈው የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ የያዘ ተማሪ ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። ሁለተኛው ደግሞ፣ በዓይን ኤል ረማነህና በአካባቢው የሚኖሩ «እኅቶቻችን» በመስተንግዶው ክፍል እንዲተባበሩ ይጋብዛል። በግልጽ አማርኛ ሲነገር፣ ተማሪው ይሮጣል፤ ሠራተኛዋ ወጥ ትሠራለች፣ ቡና ታፈላለች ማለት ነው።

ኮሚቴው ለዚህ ክፍፍል ያቀረበው ምክንያት ታሪካዊ ነው። በረቂቁ መግቢያ ላይ እንደተገለጸው፣ በ1896 በአቴና በተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ የመሰናክሉን ሩጫ ያሸነፈው ተማሪ ነበር፤ ስለሆነም አትሌቲክስ ከመነሻው የተማሪ ቅርስ ነው ይለናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተጠቀሰው ነገር እውነት ነው። ይሁን እንጂ የዚያ ሩጫ ታሪክ ከመግቢያው አልፎ እስከ መጨረሻው ቢነበብ፣ የሚያስተምረን ኮሚቴው ካሰበው ፍጹም የተለየ ነገር ነው። እኛም ታሪኩን እስከ መጨረሻው ለማንበብ እንወዳለን።

የመሰናክሉ ማጣሪያ ኤፕሪል 7 ቀን በአቴናው የፓናቴናይክ ስታዲየም በሁለት ምድብ ተካሄደ። ከየምድቡ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ሯጮች ለፍጻሜው አለፉ። እነርሱም አሜሪካውያኑ ቶማስ ከርቲስና ዊልያም ሆይት፣ እንግሊዛዊው ግራንትሊ ጉልዲንግ፣ ፈረንሳዊው ፍራንዝ ሬይሼል ነበሩ። ኤፕሪል 10 ቀን የፍጻሜው ሰዓት ሲደርስ ግን በመነሻው መስመር ላይ የቆሙት ሁለት ብቻ ሆኑ። ሆይት ለምርኩዝ ዝላይ ጉልበቱን መቆጠብ ስለመረጠ ቀረ፤ በዚያው ቀንም ምርኩዝ ዝላዩን አሸነፈ። ሬይሼል ደግሞ የአገሩን ልጅ በማራቶኑ ለመርዳት ሲል ሩጫውን ተወ። ስለዚህ ከርቲስና ጉልዲንግ ብቻ ተፋጠጡ። ጉልዲንግ መሰናክሉን በመሻገር፣ ከርቲስ በመሰናክሎቹ መካከል በመፍጠን ይበላለጡ ነበርና፣ ከርቲስ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቀድሞ በ17.6 ሰከንድ ገባ። ከርቲስ በእርግጥም በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ ነበር። ኮሚቴው የጠቀሰው ድል ይኸው ነው። ሁለት ሰዎች ሮጡ፤ አንዱ ቀደመ።

ይህን የምንለው የከርቲስን ድል ለማሳነስ አይደለም። የቀረ ሰው ስለቀረ የሮጠው አይወቀስም። ነገር ግን «የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ውድድር» ሲባል፣ ማን እንዳሸነፈ ከመጠየቅ በፊት ማን እንደተገኘና ማን እንዳልተገኘ፣ ያልተገኘውም ለምን እንዳልተገኘ መጠየቅ ተገቢ ነው። የማኅበራችን ረቂቅ የዘለለው ጥያቄ ይህ ነው።

በአቴና ያልተገኙት ሁሉ እንደ ሆይትና እንደ ሬይሼል በራሳቸው ምርጫ የቀሩ አልነበሩም። ካርሎ አይሮልዲ የተባለው ጣሊያናዊ ሯጭ በማራቶን ለመወዳደር ሲል ከሚላኖ ተነሥቶ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ተጉዞ አቴና ደረሰ። አዘጋጆቹ ግን ከዚያ በፊት በውድድር የገንዘብ ሽልማት ተቀብለሃል፣ ስለዚህ «አማተር» አይደለህም ብለው መለሱት። ይህ «አማተር» የሚለው ቃል ዛሬ ለጆሮ ንጹሕ ይመስላል፤ የተወለደው ግን ከመደብ አድልዎ ነው። በ1860ዎቹ በእንግሊዝ የነበረው የአማተር አትሌቲክስ ክበብ ደንብ መካኒኩን፣ የእጅ ባለሙያውንና የቀን ሠራተኛውን በግልጽ ስም ጠርቶ ከውድድር ያገል ነበር። ይህ አንቀጽ በእንግሊዝ አትሌቲክስ የተነሣው የአማተር አትሌቲክስ ማኅበር በተቋቋመበት በ1880 ነው። እንግዲህ «ተማሪ ይሮጣል፣ ሠራተኛ አይሮጥም» የሚለው ሐሳብ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዞች ራሳቸው ከብዙ ዘመን በፊት የጣሉት ልብስ ነው።

ሴቶችስ? በ1896ቱ የአቴና ውድድር አንዲት ሴት እንኳ በተወዳዳሪነት አልተሰለፈችም። ዛሬ በምንኖርበት ከተማም ቢሆን፣ ከስድሳ ሦስት ዓመት በኋላ በ1959 ቤይሩት የሜዲትራንያን አገሮችን ጨዋታ ስታዘጋጅ፣ ሜዳው ለወንዶች ብቻ ነበር። ሴቶች በዚያ ጨዋታ መወዳደር የጀመሩት በ1967 በቱኒስ ነው። በ1957 ለአረብ አገሮች ጨዋታ የተከፈተው፣ በ1982ቱ ጦርነት የፈረሰውና በ1997 እንደገና የታደሰው የቤይሩት የስፖርት ከተማ ስታዲየም ከዓይን ኤል ረማነህ እምብዛም አይርቅም። በዚያ ሜዳ ስናልፍ ማን እንደሮጠበት ብቻ ሳይሆን ማን እንዳይሮጥበት ተደርጎ እንደነበረም ብናስታውስ መልካም ነው።

በአቴናው የመሰናክል ፍጻሜ ቀን በመላው ዓለም የታወሰው ጀግና ደግሞ ተማሪ እንዳልነበረ ልብ እንበል። በዚያው ኤፕሪል 10 ቀን ማራቶኑን ያሸነፈው ስፒሪዶን ሉዊስ ውኃ እያመላለሰ የሚተዳደር ግሪካዊ ነበር። ኮሚቴው ከአንድ ቀን ታሪክ ውስጥ ተማሪውን መርጦ ወሰደና ውኃ አመላላሹን ተወው። እኛ ሁለቱንም እንወስዳለን።

የአገራችንን ታሪክም እናንሣ። የአቴናው ጨዋታ ኤፕሪል 6 ቀን 1896 ሲከፈት፣ አድዋ ላይ ድል ከተመታ ገና 36 ቀን ነበር። ያን ጊዜ ኢትዮጵያን የጠራት አልነበረም። ሰንደቅ ዓላማችን በኦሊምፒክ የታየው ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1956 በሜልበርን ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አገራችን ተጠርታም፣ ሯጮቿም ተዘጋጅተው ሳለ፣ በራሷ ውሳኔ የቀረችበት ጊዜ አለ። በ1976 የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ወደነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ምክንያት፣ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የሞንትሪዮልን ኦሊምፒክ ሲተዉ ኢትዮጵያም ከእነርሱ ጋር ቀረች። ምሩጽ ይፍጠር አልሮጠም። የታንዛንያው ፊልበርት ባዪም አልሮጠም።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1980 በሞስኮ የቀሩት ሌሎች ሆኑ። አሜሪካ ባስተባበረችው እገዳ ምክንያት በመሰናክል ሩጫ ስሟ የገነነው ኬንያ አልመጣችም። ያን ጊዜ ነበር እሸቱ ቱራ በ3000 ሜትር መሰናክል ለኢትዮጵያ የነሐስ ሜዳልያ ያስገኘው። ይህ ርቀት 28 ደረቅ መሰናክልና 7 የውኃ መሰናክል አለው፤ የእያንዳንዱ መሰናክል ከፍታ ለወንዶች 91.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ባዪ ከመጀመሪያው በኃይል እየመራ ሄደ፤ በመጨረሻው ዙር ፖላንዳዊው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ደረሰበትና በ8 ደቂቃ ከ09.70 ሰከንድ አሸነፈ። ባዪ በ8:12.48 ሁለተኛ፣ እሸቱ ከእርሱ በአንድ ሰከንድ ከጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ዘግይቶ በ8:13.57 ሦስተኛ ሆነ። ኬንያውያን ስላልነበሩ ሜዳልያው ይቀልላል የሚሉ አልታጡም። እኛ እንዲህ አንልም። እሸቱ ማንንም በር ላይ አልከለከለም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መቅረት እንዳለ በጥብቅ ሊሠመርበት ይገባል። አንደኛው በር ክፍት ሆኖ ሳለ በዓላማ መቅረት ነው፤ የሞንትሪዮሉ እንደዚህ ነበር። ያ ዓይነቱ መቅረት ራሱ ድምፅ ነው፤ ዓለምም ይሰማዋል። ሁለተኛው በሩ ተዘግቶ መቅረት ነው። አይሮልዲ የቀረው በዚህ ነው፤ ሴቶች ከአቴናና ከ1959ኙ ቤይሩት የቀሩት በዚህ ነው። ይህኛው ድምፅ የለውም። ያልተጠራ ሰው ስሙ በዝርዝር ላይ ስለማይሰፍር መቅረቱ እንኳ አይቆጠርም። «እነርሱ መቼ ፈለጉና?» የሚባለውም ሁልጊዜ ስለዚህኛው ሰው ነው።

በሩ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ደግሞ ታሪክ አሳይቶናል። የ3000 ሜትር መሰናክል ለሴቶች በዓለም ሻምፒዮና የተፈቀደው በ2005 በሄልሲንኪ፣ በኦሊምፒክ ደግሞ በ2008 በቤይጂንግ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልፈጀም። በ2012 በለንደን ሶፊያ አሰፋ ለኢትዮጵያ ሜዳልያ አመጣች። በ2022 በዩጂን ወርቁሃ ጌታቸው ሁለተኛ፣ መቅደስ አበበ ሦስተኛ ሆነው ጎን ለጎን ቆሙ። እነዚህ ሴቶች ችሎታውን በ2005 በድንገት አላገኙትም። ከእነርሱ በፊት የነበሩት እናቶቻቸውና አክስቶቻቸው መሮጥ ያልቻሉ መስሎ የታየው፣ ማንም ሩጡ ስላላላቸው ነው።

አሁን ወደ ዓይን ኤል ረማነህ እንመለስ። ስሙ በዐረብኛ «የሮማን ምንጭ» ማለት ነው፤ በአማርኛም ፍሬውን ሮማን ስለምንለው ቃሉ ለጆሯችን ባዕድ አይደለም። ሠፈሩ በታሪክ የሚታወቀው ኤፕሪል 13 ቀን 1975 ፍልስጤማውያንን በጫነ አውቶቡስ ላይ በተከፈተው ተኩስ ነው፤ የሊባኖስ የርስ በርስ ጦርነት የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ዓይን ኤል ረማነህን ከጎረቤቱ ከሺያሕ የሚለየው ጎዳና ለዓመታት የጦር ግንባር ሆኖ ነበር። ያ መስመር ዛሬ በእግር የሚታለፍ ተራ መንገድ ነው። ለብዙ ኢትዮጵያውያት ግን በዚሁ ሠፈር ሌላ መስመር አለ፤ እርሱም የማዳሟ ቤት ደጃፍ ነው።

ይህን ስንል በስሜት ተነሣሥተን አይደለም። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ያደርጋል። የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ በከፋላ ሥርዓት ከአንድ አሠሪ ጋር የተሳሰረ ነው። በ2009 የወጣው አንድ ወጥ ውል በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይሰጣል፤ ሠራተኛዋ ያን እረፍት እንዴት እንደምታሳልፈው ግን ከአሠሪዋ ጋር በሚደረግ ስምምነት ይወሰናል ይላል። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ለሚያውቅ፣ ይህ ስምምነት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በሴፕቴምበር 2020 የተሻለ ውል ወጣ፤ በቀጣዩ ወር የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። በዚያው ዓመት በጁን ወር አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በሐዝሚየህ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እያራገፉ ሲሄዱ ዓለም በፎቶግራፍ አይቷል።

እነዚህ ሴቶች ግን እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ አይደሉም። በጃንዋሪ 2015 የልዩ ልዩ አገር የቤት ሠራተኞች በቤይሩት ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር መሥርተዋል፤ የሥራ ሚኒስቴር ዕውቅና ቢነፍጋቸውም። በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች ራሳቸው «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ድርጅት አቁመው፣ በ2020ው ቀውስ ምግብና መጠለያ ሲያዳርሱ ቆይተዋል። መደራጀትን ከእኛ ሊማሩ የሚገባቸው ሳይሆኑ፣ እኛ ከእነርሱ ልንማር የሚገባን ናቸው። ከመካከላችን የአክስቱ ወይም የእኅቱ የቤይሩት ደመወዝ ያስተማረው ስንት እንደሆነ እያንዳንዱ በልቡ ይቁጠር።

ረቂቁን የሚደግፉ ጓደኞቻችን ሦስት መከራከሪያ ያቀርባሉ። በቅን ልቦና የቀረቡ ስለሆኑ በቅን ልቦና እንመልሳለን።

አንደኛ፣ «ማኅበሩ የተማሪ ማኅበር ነው፤ ገንዘቡም የተማሪ መዋጮ ነው» ይላሉ። ልክ ነው። ነገር ግን ወጡን ስትሠራ የተማሪ ማኅበር መሆኑ ካልከለከላት፣ ስትሮጥ ለምን ይከለክላታል? ጉልበቷን የምንቀበል ከሆነ ሰውነቷንም እንቀበል። አለዚያ ወጡን ራሳችን እንሥራ።

ሁለተኛ፣ «ብንጋብዛቸውም አይመጡም» ይላሉ። ረቂቁ ቀኑን ቅዳሜ አድርጎታል። የዕረፍት ቀን ያላት ሠራተኛ የምትወጣው እሑድ ነው፤ እሑድም ቢሆን ጧት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ቅዳሜ ጠርቶ «አልመጡም» ማለት፣ መሰናክሉን ከመነሻው መስመር ፊት አቁሞ «መሮጥ አይችሉም» እንደማለት ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ «መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው አሉ፤ ብንጠራቸው አደጋ ላይ እንጥላቸዋለን» የሚለው ነው። ይህን ክርክር በቀላሉ አናየውም። ፈቃድ ከአሠሪ ጋር በተሳሰረበት አገር፣ ከክፉ ቤት የወጣች ሴት ወዲያውኑ ሕገ ወጥ ተብላ ትቆጠራለች። በስም ዝርዝር መመዝገብ፣ ፎቶግራፍ መነሣት፣ በር ላይ መታወቂያ መጠየቅ ለእርሷ የእስር ምክንያት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ ሥጋት እውነት ከሆነ፣ በመስተንግዶው ክፍል ስትቆምም እውነት ነው። ድስት አጠገብ የቆመችውን ከአደጋ የሚያድን ሕግ የለም። ስለዚህ አደጋው የሚያስገድደን አሠራራችንን እንድናስተካክል እንጂ፣ እርሷን ወደ ማጀት እንድንመልሳት አይደለም። ሥጋቱን አመዛዝና መምጣት አለመምጣቷን መወሰን የእርሷ የራሷ ነው። በዚህ ጊዜ ብትቀር እንኳ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ መርጣ መቅረቷ ነው።

ስለሆነም ለጠቅላላ ጉባኤው የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ. የዩኒቨርሲቲ መታወቂያን የሚጠይቀው አንቀጽ ይሰረዝ። በስፖርት ቀኑ መወዳደር የምትሻ ኢትዮጵያዊት፣ መወዳደር የሚሻም ኢትዮጵያዊ፣ ተማሪም ይሁን ሠራተኛ፣ ያለ ክፍያ ይሰለፍ።

2ኛ. ቀኑ ወደ እሑድ ይዛወር፤ ውድድሩም ከቅዳሴ በኋላ ይጀመር።

3ኛ. ተወዳዳሪዎች በደረት ቁጥር ብቻ ይታወቁ። የስም ዝርዝር አይያዝ፤ የባለቤቷ ፈቃድ ሳይገኝ የማንም ፎቶግራፍ አይነሣ፤ በዚህ መጽሔትም አይውጣ።

4ኛ. በስፖርት ኮሚቴው ውስጥ ከቤት ሠራተኞች የሚወከሉ ቢያንስ ሁለት አባላት ሙሉ ድምፅ ኖሯቸው ይቀመጡ። ስለ እነርሱ የሚወሰነው እነርሱ ባሉበት ይሁን።

5ኛ. መስተንግዶው በተራ ይሁን። ተማሪ ወንዶችም ሽንኩርት ይክተፉ፣ ሳህን ይጠቡ።

ይህ ሐሳብ ቢጸድቅ የከፋላ ሥርዓት አይፈርስም፤ የ1946ቱም ሕግ አይለወጥም። እንዲህ ብለን ራሳችንን አናታልልም። የሊባኖስን ሕግ የመለወጥ ሥልጣን በእጃችን የለም። የማኅበራችንን ደንብ የመጻፍ ሥልጣን ግን በእጃችን አለ፤ በእጃችን ባለው ላይ ያንኑ በር ደግመን ከዘጋን፣ በሌላው ሕግ ላይ የምንጽፈው መግለጫ ሁሉ ባዶ ወረቀት ነው። በአገር ቤትም በውጭም የኢትዮጵያ ተማሪ ትውልድ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ብዙ ጽፏል። በሚቀጥለው ጉባኤ የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰና ከዚያም የቀለለ ነው፤ ይኸውም የጻፈለትን ሕዝብ ከጎኑ ቆሞ እንዲሮጥ ይፈቅዳል ወይ የሚል ነው።

አባላት ሁሉ በጉባኤው ተገኝተው ድምፃቸውን እንዲሰጡ እናሳስባለን። እኛ ድምፃችንን የምንሰጠው መነሻው መስመር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ነው።